«የሰዓት ቀጠና» እና «የዓለም ሰዓት»

አሳይታ ያለ ነጋዴ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጅቡቲ ወደሚገኝ ትራንዚተር ደውሎ ሰዓት ቢጠይቅ፣ «ስምንት» ይባላል። ከጋላፊ ወዲህም ወዲያም ጠዋቱ ያው ነው። ሁለቱም አገሮች ከግሪንዊች በ3 ሰዓት በሚቀድመው ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ የሚለያዩት በአቆጣጠር ነው። እኛ ከንጋት፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራሉ።

የሰዓት ቀጠና ማለት በአንድ ሰዓት የሚተዳደር የምድር ክፍል ነው። «የሰዓት ሰቅ» የሚሉትም አሉ፤ እኔ ግን ነፃ የንግድ ቀጠናን ለሰማ ሁሉ የማይከብደውን እመርጣለሁ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በመርህ ደረጃ የአንዱ ቀጠና ስፋት ይኸው ነው። ወሰኑን የሚያሰምረው ግን መንግሥት ነው፤ ሕንድ ከግሪንዊች በ5 ሰዓት ተኩል፣ ኔፓል በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀድማሉ። ፀሐይማ አሳይታ ላይ አናት የምትደርሰው ከአዲስ አበባ 11 ደቂቃ ያህል ቀድማ ነው። ሰዓታችን ይህን ቸል ማለቱ ደግ ነው፤ አለዚያ እያንዳንዱ መናኸሪያ የየራሱን ሰዓት ይሰቅል ነበር።

የተለያዩ ቀጠናዎችን ሰዓት ጎን ለጎን የሚያሳየውን የኮምፒውተር ፕሮግራም «የዓለም ሰዓት» እንበለው። ዊንዶውስ ራሱ ከዋናው ሌላ ሁለት ሰዓት ያስጨምራል። አሳይታን ከዝርዝሩ አታገኟትም፤ አዲስ አበባን፣ እሷም ከሌለች ናይሮቢን ምረጡ። ጥቅሙ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ላላችሁ ይበልጥ ይታያል። አሳይታ ላይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት ከሚገፉበት ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እዚያ እኩለ ቀን ነው፤ በቀሩት ወራት ግን ገና ረፋድ 5 ሰዓት። ለውጡን ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክላል።

የኛን አቆጣጠር ግን አብዛኛው ፕሮግራም አያውቀውም። መላ ያገኙ መስሏቸው የኮምፒውተሩን ሰዓት በእጅ 6 ሰዓት ወደኋላ የሚመልሱ አሉ። ያኔ ጠዋት 2 ሰዓት የላኩት ኢሜይል ሌሊት 8 ሰዓት እንደተላከ ሆኖ ይመዘገባል። ሰዓቱንም ቀጠናውንም ሳትነኩ ስድስቷን በቃል ብትቀንሱ ይሻላል፤ ለጅቡቲው ሰው ቀጠሮ ስትጽፉም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ወይም «በናንተ» የምትለዋን አትርሱ።