«ወላጅ አምጣ» ሳይባሉ የመጡ ወላጆች



ጥቅምት ገባ። ምዝገባው አለቀ፣ መጽሐፍ ታደለ፣ ክፍሉ ረጋ። አሁን የ«ወላጅ አምጣ» ወቅት ነው። እዚህ አገር ተምሮ ይቺን ቃል የማያውቅ የለም። በኛ ዘንድ ወላጅ ትምህርት ቤት የሚመጣው ወይ ልጁ ሲያጠፋ፣ ወይ ካርድ ሲሰጥ፣ ወይ መዋጮ ሲጠየቅ ነው። ከዚያ ውጭ በር ላይ ካየነው «ምን ሆኖ ነው?» ብለን እንደነግጣለን።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ማንም ሳይጠራቸው ስለመጡ ወላጆች ነው። ታሪኩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ነብራስካ በምትባል የገበሬ ግዛት፣ በአንዲት ትንሽ የሉተራን ትምህርት ቤት ነው። ነገርየው ተጎትቶ ተጎትቶ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ «ሉተራን» ሲባል ምን ማለት ነው? የጀርመኑ መነኩሴ ማርቲን ሉተር ጥቅምት 31 ቀን 1517 ካነሳው ሙግት የወጣው የቤተ ክርስቲያን ወገን ነው። ለኛም ሩቅ አይደለም፤ መካነ ኢየሱስ የዚሁ ቤተሰብ አባል ናት። ብዙ ሰው ሉተርን የሚያውቀው ከሮም ጋር በመጣላቱ ብቻ ነው። እኔ እንደ መምህር የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ደብዳቤ ጽፎ ትምህርት ቤት ክፈቱ ብሎ ወተወታቸው፤ ለወንድም ለሴትም። በ1529 ደግሞ ትንሿን የሃይማኖት መማሪያ መጽሐፉን ሲያሳትም፣ የቤቱ አባወራ ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚያስተምረው እያመለከተ ነው ያዘጋጃት። ልብ በሉ፣ አስተማሪው መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ የቤቱ ተቀጥላ ነው።

ይህን ሐሳብ ይዘው ነው እንግዲህ በ1838 መጨረሻ ከሳክሶኒ ብዙ መቶ ሰዎች በአምስት መርከብ ወደ አሜሪካ የተሳፈሩት። አንዷ መርከብ ባሕር ላይ ጠፍታ ቀረች። የተረፉት በ1839 ሚዙሪ ውስጥ ፔሪ በሚባል አውራጃ ሰፈሩ። ገና ራሳቸው በቅጡ መጠለያ ሳይኖራቸው፣ በሽታው እየጣላቸው፣ መሪያቸውንም በዚያው ዓመት ከሹመቱ አውርደው ግራ ተጋብተው ሳለ ምን ቢሠሩ ጥሩ ነው? ከግንድ አንዲት ክፍል ቤት አቁመው በታኅሣሥ 1839 ትምህርት ቤት ከፈቱ። ያቺ የግንድ ጎጆ እስካሁን አልተንበርግ በምትባለው ከተማ ቆማ ትታያለች።

በ1847 አጥቢያዎቹ ተሰባስበው የሚዙሪ ሲኖዶስ የሚባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ልጆችን ማስተማርን ከግዴታቸው አንዱ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው ሉተራን ገበሬ በሄደበት ሁሉ፣ ኢሊኖይ ይሁን ካንሳስ ወይም ነብራስካ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ትምህርት ቤት ይሠራል። ደመወዙን የሚከፍለው አጥቢያው ነው። መምህሩ ብዙ ጊዜ ኦርጋን መቺውም የመዘምራን መሪውም እሱ ነው። ባጭሩ ወላጁ ቀጣሪ ነው፣ ባለቤት ነው።

ይህ ባለቤትነት ጎልቶ የሚታየው ደግሞ በመጸው ነው። ወቅቱ እንደኛው አገር የመኸር ጊዜ ነው። በቆሎው በእጅ በሚለቀምበት በዚያ ዘመን የልጅ እጅም ይፈለግ ነበር፤ እናም ትምህርት ቤቱና እርሻው በልጁ ይሻማሉ። ይህን የኛም አገር የገጠር መምህር ያውቀዋል። ግን በዚያው ወራት ሰውን የሚያሰባስብ ብዙ ነገር አለ። የመኸር ምስጋና በዓል አለ። እንግዳ ሰባኪ ተጋብዞ፣ ቤተሰቡ ምግቡን ይዞ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የሚዋልበት የተልእኮ በዓል አለ። ጥቅምት 31 ደግሞ የተሐድሶ መታሰቢያ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ያጠኑትን መዝሙር አያት ፊት ይዘምራሉ። በጀርመንኛ። አያት የሚጸልየው በጀርመንኛ ነዋ!

ችግሩም የመጣው እዚያ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1917 አሜሪካ ጀርመንን ጦርነት ገጠመች። ከዚያ ወዲያ ጀርመንኛ መናገር የጠላት ወገን መሆን ተደርጎ ተቆጠረ። የአዮዋ አገረ ገዥ በ1918 ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እንዳይነገር አወጀ። ኢሊኖይ ውስጥ አንድ የጀርመን ስደተኛ በመንጋ ተሰቅሎ ተገደለ። ሲኖዶሱ ራሱ በ1917 ከስሙ ላይ «ጀርመን» የሚለውን ቃል አወጣ።

ጦርነቱ በ1918 አለቀ፤ ጥላቻው ግን አላለቀም። በሚያዝያ 1919 ነብራስካ ሕግ አወጣች። በየትኛውም ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ በሆነ ቋንቋ ማስተማር ክልክል ነው። ሌላ ቋንቋን እንደ አንድ ትምህርት መማርም ቢሆን 8ኛ ክፍል ላልጨረሰ አይፈቀድም። ያጠፋ ከ25 እስከ 100 ዶላር ይቀጣል፣ ወይም እስከ 30 ቀን ይታሰራል።

በሃምፕተን ከተማ አካባቢ ያለው የጽዮን ሉተራን አጥቢያ ታዲያ ምን አደረገ? አልሸፈተም። መደበኛው ትምህርት በሙሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። ግን የምሳ እረፍቱን በግማሽ ሰዓት አስረዘሙት፤ ከ7 ሰዓት እስከ 7:30 በኛ አቆጣጠር። በዚያች ግማሽ ሰዓት መምህሩ ለልጆቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጀርመንኛ ያስነብባል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ልጁ ቤት ውስጥ ከወላጆቹ ጋር መጸለይ ካልቻለ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ስብከቱ ካልገባው፣ የማን ልጅ ሊሆን ነው?

መምህሩ ሮበርት ማየር ይባላል። ግንቦት 25 ቀን 1920 አንድ የ10 ዓመት ልጅ በጀርመንኛ እያነበበለት ሳለ የአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ማየር በዚያች ቅጽበት ወደ እንግሊዝኛ ቢዞር ምንም እንደማይደርስበት ያውቅ ነበር። በጀርመንኛው ቀጠለ። 25 ዶላር ተፈረደበት። አልከፍልም አለ።

የነብራስካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቅጣቱን አጸና። ነገሩ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። እዚያ የተከራከረለት አርተር ሙለን የሚባል የኦማሃ ጠበቃ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሙለን ካቶሊክ ነው! ከ1517 ጀምሮ ሲነታረኩ የኖሩ ሁለት ወገኖች በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ጉዳይ ባንድ ቆሙ።

ሰኔ 4 ቀን 1923 ፍርዱ ተነበበ፤ ሰባት ለሁለት። በዳኛ ማክሬይኖልድስ የተጻፈው ውሳኔ፣ ሕገ መንግሥቱ የሚጠብቀው ነጻነት ከእስር ነጻ መሆን ብቻ አይደለም፣ ትዳር መመሥረትን፣ ልጅ ማሳደግን፣ እውቀት መቅሰምንም ይጨምራል አለ። መምህሩ የማስተማር መብት አለው፤ ወላጆቹም ልጆቻችንን አስተምርልን ብለው እሱን የመቅጠር መብት አላቸው። ዳኛው የጥንቷን ስፓርታንም አነሳ። ስፓርታ ወንድ ልጅን በሰባት ዓመቱ ከወላጆቹ ወስዳ በሰፈር ታሳድግ ነበር። አሜሪካ ግን በዚያ ሐሳብ ላይ አልተመሠረተችም አለ።

ታሪክ ስናወራ ያኛውንም ወገን መስማት አለብን። የተቃወመው ዳኛ ሆምስ ተራ ሰው አልነበረም። የሱ ነጥብ፣ ከብዙ አገር የመጣ ሕዝብ አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖረው መፈለግ ምክንያታዊ ነው፣ ሕፃንነት ደግሞ ቋንቋ የሚያዝበት ዕድሜ ነው የሚል ነበር። ባዶ ክርክር አይደለም። ማክሬይኖልድስም ቢሆን የዜጎችን የጋራ ቋንቋ የመፈለግን ዓላማ አልናቀም፤ መልካም ዓላማ ቢሆንም በዚህ መንገድ ማስገደድ አይቻልም ነው ያለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1925፣ ልጅ ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይግባ ያለው የኦሬጎን ሕግ ሲወድቅ ፍርድ ቤቱ በዚሁ በማየር ጉዳይ ላይ ተመርኩዟል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የወላጅ መብት ሲነሳ ያቺ ግማሽ ሰዓት አብራ ትነሳለች።

እሺ፣ ድል ተገኘ። ጀርመንኛውስ?

ጀርመንኛው ጠፋ። የሚገርመው ይሄ ነው። መብቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጦ እያለ፣ በሁለት ትውልድ ውስጥ አጥቢያዎቹ አገልግሎቱንም ትምህርቱንም ወደ እንግሊዝኛ አዞሩት። አባትና እናት ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ማውራት ሲጀምሩ ትምህርት ቤቱ ብቻውን ሊሸከመው አልቻለም። ፍርድ ቤት በር ይከፍትልሃል እንጂ ልጅህን በቋንቋህ አያናግርልህም።

ያልጠፋው ትምህርት ቤቱ ነው። ዛሬም በየግዛቱ የሉተራን ትምህርት ቤቶች አሉ። መጸው ሲገባ አያቶች የሚጋበዙበት ቀን አለ፣ ወላጅ ኬክ ጋግሮ የሚያመጣበት፣ ጥቅምት 31ን አብሮ የሚያስብበት። ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ ድግስ ይመስላል። ግን አያት በልጅ ልጁ ክፍል ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ይህ ቤት የኛ ነው የሚለው የድሮ ሐሳብ ነው እየቀጠለ ያለው።

ለምን ይህን ሁሉ አወራሁ?

አንደኛ፣ ውጭ አገር ላላችሁ ልጆቼ። ዋሽንግተን፣ ዳላስ፣ ሚኒሶታ ሆናችሁ ቅዳሜና እሑድ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ልጆቻችሁን «ሀ ሁ» የምታስቆጥሩ፣ ያንን ማንም የማይከለክላችሁ አንድ የገጠር መምህርና ቀጣሪዎቹ ገበሬዎች ስለጸኑ ጭምር ነው። ግን የጀርመንኛውን መጨረሻ አትርሱ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ፊደል ተምሮ፣ ቤት ሲገባ እናቱ በእንግሊዝኛ የምታናግረው ልጅ አማርኛ አይችልም። አያቱ በስልክ «እንዴት ነህ የኔ ጌታ» ስትለው ስልኩን ለእናቱ ያቀብላታል። ያ ነው የሚያሳዝነው።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላለን። ወመህ አለን፣ በደንብ ተጽፏል፣ ማኅተምም አለው። በብዙ ቦታ ግን ስብሰባው መዋጮ ሲያስፈልግ ነው የሚጠራው። ወላጅን ገንዘብ ስንፈልግና ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ከጠራነው፣ ትምህርት ቤቱ የማን እንደሆነ እሱም እኛም እንረሳለን። ትምህርት ቤቱ ችግር ላይ የወደቀ ቀን ደግሞ አብሮን የሚቆም አይኖርም። የማየር አጥቢያ ከመምህሩ ጎን የቆመው ፍርድ ቤት ሲደርስ አይደለም፤ ቀድሞ በየመኸሩ አብሮ ሲበላና ሲዘምር የኖረ ስለሆነ ነው።

ወላጆች፣ በዚህ ጥቅምት አንድ ቀን ሳትጠሩ ኑ። ልጁ አጥፍቶ አይደለም። የክፍሉን በር አንኳኩና «ልጄ እንዴት ነው? እኔስ ምን ላግዝ?» በሉ። መምህሩ ቢደነግጥ አይግረማችሁ፣ ስላልለመደው ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ከናንተ ውስጥ ወላጁ ሳይጠራ ትምህርት ቤት የመጣለት አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

መልካም የትምህርት ዘመን!