ከማኅተም እስከ ይለፍ ቃል፤ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ጥበቃ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ

በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች እርከን የሚሠራ ገበሬ የኮምፒዩተርን ስም ሳያነሣ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ይሁን እንጂ በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ቤተሰብ የወር ቀለብ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት በምትወጣ አንዲት የክፍያ ሉህ ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። በፕሮግራሙ ደንብ መሠረት የመሥራት ዐቅም ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባሉ በወር 5 የሥራ ቀን ታስቦለት፣ በዓመት ለ6 ወራት ያህል ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል። ሥራ የተገኘበት ቀን በቀበሌ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ወደ ወረዳ ይላካል፤ በዚያም ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ የክፍያ ሉህ ይታተማል። ከሉሁ ላይ ስሙ የተዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቆ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንግዲህ ዝርዝሩን ማን ይከፍተዋል፣ ማን ያርመዋል፣ ማንስ ያትመዋል የሚለው ጥያቄ በሰቆጣና በአካባቢው የኮምፒዩተር ባለሙያ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ትእዛዝ ከሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ማስመታት ከሹመት ምልክቶች አንዱ ስለ ነበረ፣ ማንም ተነሥቶ አዋጅ ሊያስነግር አይችልም። ሰቆጣን መቀመጫቸው ያደረጉት ዋግሹሞችም የኖሩት በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። በማዕከላዊው ቤተ መንግሥት ደግሞ ጽሑፍን ከተራ ወረቀት የሚለየው ማኅተም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ የጽሕፈት ሚኒስትር ሆኑ። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ሲጀምር የከበሮው ስም ወደ ወረቀት ተሸጋገረ። በ1935 ዓ.ም. የሚኒስትሮችን ሥልጣን የወሰነው ትእዛዝ ቁጥር 1 ሲወጣም የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም የመጠበቅ ኀላፊነት የጽሕፈት ሚኒስትሩ ሆነ። በዚያ ወንበር ላይ እስከ 1947 ዓ.ም. የቈዩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በዘመናቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ ኀያል ሰው ተብለው ይቈጠሩ ነበር። ለዚህ ኀይል ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን ማርቀቅም፣ ማተምም፣ ማሳወጅም በአንድ እጅ መግባታቸው ከምክንያቶቹ ቀላሉ አይደለም። ዛሬ በኮምፒዩተር መረብ ላይ «አድሚን» የሚባለው ተጠቃሚ፣ መጠኑ ይነስ እንጂ፣ የተቀመጠው በዚህ ዓይነት ወንበር ላይ ነው።

በአውራጃና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግን ሥራው በብዙ እጆች የተከፋፈለ ነበር። ኀላፊው ረቂቁን ይጽፋል፤ ታይፒስቷ በካርቦን ወረቀት በሁለትና በሦስት ቅጂ ትመታዋለች፤ ኀላፊው ይፈርማል፤ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ በወጪ መዝገብ ያሰፍራል፤ ማኅተሙ ከሌላ ሰው መሳቢያ ወጥቶ ይመታል፤ ግልባጩም ለሚመለከታቸው ይሄዳል። ብዙ ባለጉዳይ ይህን ሥርዓት «ነገ ተመለስ» በሚል ስሙ ብቻ ያውቀዋል፤ አማረሩት ቢባልም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አንድ ደብዳቤ ሐሰተኛ ሆኖ እንዲወጣ ቢያንስ አራት ሰዎች መስማማት ወይም መታለል ነበረባቸው። የጽሕፈት መኪናም ራሷ ምስክር ነበረች፤ የተጣመመ ፊደሏና የተበላ ጫፏ ወረቀቱ ከየትኛው ቢሮ እንደ ወጣ ይናገራል። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ቀደምት ሰዎች የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ሲደክሙ፣ ጸሐፊን የሚያጋልጥ መሣሪያ እየሠሩ መሆናቸውን አስበውት እንደ ነበር አይታወቅም።

ከጽሕፈት መኪና ይልቅ መንግሥታትን ያስጨነቀው የማባዣ መኪና ነው። ከ1966 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ «ዴሞክራሲያ»ና እርሱን የመሰሉ የኅቡእ ጽሑፎች የተሠራጩት በስቴንስልና በማባዣ መኪና ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የቤት ለቤት አሰሳ ከጦር መሣሪያ ጋር የጽሕፈትና የማባዣ መኪናዎችም ይፈለጉ ነበር። በዚህም የተነሣ በየመሥሪያ ቤቱ የማባዣ ክፍል ቁልፍ ያለው ሠራተኛ ከደመወዙ የከበደ ኀላፊነት ተሸከመ። በዋግ ግን ያ ዘመን ይበልጥ የሚታወሰው በሌላ ዓይነት ወረቀት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከዋግ የተነሣው ሕዝብ ወደ ኮረም ሲጎርፍ፣ በመጠለያው በር ላይ የሰውን ዕድል የሚወስነው በዝርዝር መግባትና ካርድ ማግኘት ነበር። ዝርዝርና ሕይወት በዚህ አገር የተሳሰሩት ከፕሪንተር በፊት ነው።

በውጭው ዓለም የተጠቃሚ ፈቃድና የኅትመት ታሪክ ገና ከመጀመሪያው ተገናኝተዋል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ለሙከራ የቀረበው የጋራ ኮምፒዩተር ሥርዓት ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ሰጠ። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ በሳምንት የተፈቀዱለት 4 ሰዓታት አልበቃ ቢሉት መፍትሔ አገኘ፤ በቀዳዳ ካርድ የኅትመት ጥያቄ አቅርቦ፣ የሁሉም ሰው የይለፍ ቃል የተከማቸበት ፋይል እንዲታተምለት አዘዘ። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱ ከኅትመት ውጤቶች ማስቀመጫ ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ከሚታወቁት የይለፍ ቃል ስርቆቶች ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው እንግዲህ በረቀቀ ዘዴ ሳይሆን በፕሪንተር በኩል የወጣ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተሮችን በኤተርኔት ሽቦ ሲያያይዙ ካነሣሣቸው ምክንያት አንዱ ጋሪ ስታርክዌዘር የሠራውን ውድ የሌዘር ፕሪንተር በጋራ ለመጠቀም ነበር። የቢሮ መረብ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ፕሪንተር የቤቱ ባለቤት እንጂ እንግዳ አልነበረም።

ወደ ዋግ የመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአማራ ክልል በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ እያንዳንዱ ወረዳ የራሱን ሒሳብ የሚይዝ ሆነ። የባለሙያ እጥረትን ለማቃለል «ፑል» የተባለው አሠራር ተዘረጋ፤ ይኸውም የጤናው፣ የትምህርቱና የግብርናው ሒሳብ በአንድ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተሰብስቦ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። በዚያው ዘመን ወረዳኔት በሳተላይት አማካይነት ከ500 የሚበልጡ ወረዳዎችን ከማዕከል ጋር ለማያያዝ ተዘረጋ፤ የበጀትና የወጪ ሒሳብ አይቤክስ በተባለው ፕሮግራም፣ የሴፍቲኔት ክፍያ ደግሞ ፓስ በተባለው ይሠራ ጀመር። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ሲሰየም፣ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች የሚሰበሰበውና ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚሄደው መረጃ የዚያኑ ያህል በዛ።

እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን የቀድሞዎቹ አራት እጆች ሳይታሰብበት ወደ አንድ ወንበር ተሰበሰቡ። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው ይጽፋል፣ ያርማል፣ ያትማል፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው። ማኅተሙ ደግሞ የሚመታው ታትሞ በመጣ ሉህ ላይ እንጂ ሉሁ በወጣበት መዝገብ ላይ አይደለም። ኀላፊው 40 ገጽ ስም ቀርቦለት ሲፈርም፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ካለው ድምር በስተቀር ምን ሊያጣራ ይችላል?

መድኀኒቱ በመሣሪያው ውስጥ አለ፤ ግን ካልተጠሩበት አይመጣም። ስምንት ወይም ዐሥር ኮምፒዩተር፣ አንድ ማገናኛ ሳጥንና ሁለት ፕሪንተር ያለው ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ ያለ ሰርቨር፣ «ወርክግሩፕ» በሚባለው አያያዝ ይሠራል። በዚህ አያያዝ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚቀመጠው በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ለየብቻው ስለሆነ፣ ዐሥር ሠራተኛን በዐሥር መኪና መመዝገብ መቶ ምዝገባ ይሆናል። ባለሙያው ይሰለችና ለሁሉም አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከመስኮቱ አጠገብ ይለጠፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጽሕፈት ቤቱ የተሠራ ሥራ ሁሉ ባለቤት የለውም። ዊንዶውስ ለፕሪንተር የሚሰጣቸው ፈቃዶች ሦስት ናቸው፤ ማተም፣ በወረፋ ያሉትን ሰነዶች ማስተዳደር፣ ፕሪንተሩን ራሱን ማስተዳደር። ልዩነታቸው ታይፒስቷን፣ መዝገብ ቤቱንና ኀላፊውን ለያይቶ ያስቀመጠው ልዩነት ነው ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ስም ሲገባ ግን ሦስቱ ፈቃዶች አንድ ይሆናሉ።

ከዚህም የባሰ አለ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሰነድ፣ በስንት ገጽ እንዳተመ የሚመዘግብ የኅትመት መዝገብ በዊንዶውስ ውስጥ ይገኛል፤ ፋብሪካው ግን ዘግቶት ይልከዋል፤ የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል። የቀድሞው የወጪ መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል እንደ ማለት ነው። የመብራት መቋረጥ ደግሞ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ለኅትመት የተላከ ሰነድ በኮምፒዩተሩ ወረፋ ውስጥ ስለሚቈይ፣ መብራት ጠፍቶ ሠራተኛው «አልታተመም» ብሎ ከሄደ በኋላ መኪናው ሲበራ ሰነዱ ከወረፋው ተነሥቶ ይወጣል። ሠራተኛው ይህን ሳያውቅ እንደገና ያትማል፤ ሁለት የክፍያ ሉህ ይገኛል። ሁለቱም እውነተኛ ናቸው፤ ሁለቱም ፊርማ ይጠብቃሉ። በየመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለው የማታ ኅትመት በማለዳ ከማሽኑ ላይ የሚነሣው በጽዳት ሠራተኛዋ ሊሆን ይችላል፤ እርሷም ወረቀቱን ከጠረጴዛ ላይ ብታኖረው ወይም ብትጥለው ልትወቀስ አይገባትም።

በዋግ ሌላም የተለየ ጉዳይ አለ። ኽምጣኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አማርኛ የማይጠቀምባቸውን እንደ «ጘ» ያሉ ፊደላት ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የራሱን መለያ ይጠቀም ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደል ክምር ይሆን ነበር። ዛሬም ቅርጸ ፊደሉ ያን ፊደል ካልያዘ፣ በስክሪን ላይ ወይም በወረቀት ላይ ባዶ ሳጥን ይወጣል። የሰው ስም በሳጥን ሲታተም በክፍያ ወረፋ ላይ የሚነሣውን ክርክር ማሰብ አያስቸግርም። ስለዚህ በመረቡ ላይ ያሉት መኪናዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጸ ፊደል እንዲይዙ ማድረግ የውበት ጉዳይ ሊባል አይገባውም።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰቆጣ ደረሰ፤ ከተማዋም እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ በክልሉ አስተዳደር እጅ አልነበረችም። በእነዚያ ወራት የመብራትና የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶ ነበር። ከዚያም በኋላ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣና በአካባቢዋ ሲጠለል፣ አዲስ የስም ዝርዝር እንደገና መጻፍ ግድ ሆነ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የተቀመጠ ዝርዝር ከኮምፒዩተሩ ጋር ይጠፋል፤ የታተመ ግልባጭ በሌላ ቦታ ያለው ግን ይተርፋል። የካርቦን ወረቀቱ ዘመን ሠራተኞች ያለ ስሙ የሚያውቁት ሥራ ይህ ነበር።

ሕጉ ከአሠራሩ ቀድሞ ሄዷል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ስም በሚገባበት ጽሕፈት ቤት «ያለ ፈቃድ የገባው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ መዝገብ አይገኝም። በሀገራችን ሥራ የሚለቅ ወይም የሚዛወር ሠራተኛ ክሊራንስ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል፤ ንብረት ክፍሉ ስለ ወንበሩ፣ ገንዘብ ያዡ ስለ ብድሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ስለ መጽሐፉ ይፈርሙለታል። የተጠቃሚ ስሙ ስለ መዘጋቱ የሚፈርም ግን በብዙዎቹ ቅጾች ላይ የለም። ወንበሩን አስረክቦ የሄደው ሰው ይለፍ ቃሉን ይዞት ሄዷል፤ ፕሪንተሩም ስሙን እስከ ዛሬ ያውቀዋል።