«ኢትዮጵያ» የተባለችው የጦር መርከብ

«ኢትዮጵያ» የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ነበረች። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 1944 «ኦርካ» በሚል ስም አገልግሎት ጀመረች፤ ሥራዋም ውኃ ላይ ለሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና ማቅረብ ነበር። በፊሊፒንስ ውጊያ ተሳትፋለች፤ በ1946ቱ የቢኪኒ የአቶሚክ ቦምብ ሙከራም ተሰማርታለች።

በ1962 በውሰት ለኢትዮጵያ ተሰጠች። መድረሻዋ ምጽዋ ሲሆን፣ ዋና ተግባሯም ዕጩ መኮንኖችን ማሠልጠን ሆነ። ወጣቶቹ በክፍል የተማሩትን የባሕር ጉዞ ጥበብ በተግባር የቀሰሙት በእርሷ ላይ ነውና፣ ከመድፎቿ ይልቅ ትልቁ ውለታዋ ይህ ነው። ደርግ በ1976 ገዛት። ምጽዋ በ1990 በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ በ1991 የደርግ መንግሥት ሲፈርስ መርከቧ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።