የግራው በር

ጊንጪ ያለው የአዳዳ (የአባቴ እህት ናት) ቁም ሳጥን ሰማያዊ ነበር። ባለፈው ክረምት ላድሰው ተነሣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ነጭ ቀብቼ በሮቹ ላይ በስቴንስል አበባ ላወርድበት።

ስቴንስል ሲባል ዕድሜው ገፋ ላለ የአማርኛ አንባቢ ትዝ የሚለው አበባ አይደለም፤ የማባዣ መኪና ነው። የ1960ዎቹ ተማሪዎች "መሬት ላራሹ" ያሉባቸውን በራሪ ወረቀቶች ያባዙት በእሱ ነው። የጆንያ ምልክት፣ የመሥሪያ ቤት ወንበር ቁጥርም የዚያው ዘመድ ነው፤ ቀለም በተከፈተለት ቀዳዳ ብቻ ያልፋል።

የሰፈሩ አናጢ አበባውን በአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ በምላጭ ቆርጦ ሰጠኝ። "ስፖንጁን ቀለም አታጠጣው፤ ወረቀት ላይ አራግፈህ ጠቅ ጠቅ ነው" አለኝ። ቀለም ከበዛ ከፊልሙ ሥር ይገባና አበባው ጎመን ይሆናል።

ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካሁ ፈተግኩ፤ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቅ አቧራው አይበጅም። ሰማያዊው ሲለቅ ከሥሩ አረንጓዴ መጣ። በግራው በር አረንጓዴ ላይ በጥቁር የተመታ ጽሑፍ አለ፦ "ገ/ማ 14"። የገበሬ ማኅበር፣ ንብረት ቁጥር 14 መሆኑ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። አንድ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር ላይ እንዲቋቋም ደነገገ። ማኅበሩ መሬት ያከፋፍላል፣ ይዳኛል። ለዚህ ሁሉ መዝገብ ያስፈልጋል፤ መዝገቡም መቀመጫ ይፈልጋል። የአያቴ ቁም ሳጥን የሄደው እንዲህ ነው።

"ወሰዱብን" ትላለች አዳዳ። እሷው ደግሞ፣ ሳልጠይቃት፣ ጣውላውን ከጭሊሞ ጫካ በትከሻቸው ያወረዱት የአባቷ ጢሰኞች እንደነበሩ ትነግረኛለች። ስንት ተከፈላቸው ስላት ዝም አለች። እኔም አልገፋሁበትም።

እንጨቱ ጥድ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፤ ሲፈተግ ቤቱ በሽታው ተሞላ። ጭሊሞ ዛሬም ጥድ፣ ዝግባና ወይራ አለው፤ የማን ነው የሚለው ነገር ግን አላበቃም። በኅዳር 2008 የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት በዚሁ ጫካና በከተማው ኳስ ሜዳ ጉዳይ ነበር። ከዚያ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን እንዳዳረሰ አንባቢ ያውቃል።

ደርግ ሲወድቅ የማኅበሩ ቢሮ ባዶ ቀረ። አዳዳ ቁም ሳጥኑን ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታው አገኘችው። አህያ ተከራይታ ቤቷ አስገባችው፤ በማግስቱ ሰማያዊ ገዝታ ቀባችው።

እኔ ቁጥሩ እንዲቀር ፈለግኩ። ቫርኒሽ ላድርግበት፣ ታሪክ እኮ ነው አልኳት።

"ላንተ ታሪክ ነው፤ ለእኔ የልብስ ማስቀመጫ ነው" አለችኝ። "አሥራ ስድስት ዓመት እዚያ ቢሮ በገባሁ ቁጥር ከኋላቸው ቆሞ አይቸዋለሁ። አሁን ደግሞ ከአልጋዬ ትይዩ ልታቆምብኝ ነው?"

ፎቶ አነሣሁና ሸፈንኩት። የጥድ ጉጥ በነጭ ቀለም ውስጥ ቢጫ ሆኖ ስለሚወጣ መጀመሪያ በአልኮል የሟሟ ጎማላካ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ነጩ ሦስት ጊዜ ፈጀ፤ ጥቁሩ ጽሑፍ ቶሎ አልጠፋም። አበባው አሥራ ሁለት ወጣልኝ። አንዱ ጎመን ነው፤ አዳዳም የምትወደው እሱን ነው።