ድሮ መንደሩ ያይ ነበር፤ ዛሬስ ማን ያያል?

ዛሬ ስለ አንድ ሕግ ታሪክ ትንሽ እናውጋ።

በጎንደር ገጠር ሳለን የሰው ቤት በር ቀን ቀን አይዘጋም ነበር። ልጅ አባቱን ቢያንገላታ ጎረቤት ያያል፣ ወሬው ቄሶቹና ሽማግሌዎቹ ዘንድ ይደርሳል፣ ልጁም ተጠርቶ ይገሠጻል። በደል አልነበረም አንልም። የታመመ ወይም አካሉ የተጎዳ ሰው ጓዳ ውስጥ ተደብቆ የኖረበት ቤትም ነበር። ቢሆንም የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ሽማግሌ ነበረ።

እዚህ አሽዶድ ግን ኑሯችን ፎቅ ላይ ነው፤ በሩም ዝግ ነው። ዕብራይስጥ የማይችሉ እናት ኩፓት ሆሊም ሲሄዱ ሐኪሙን የሚያነጋግሩት በልጃቸው አፍ ነው። ታዲያ በዳዩ ራሱ አስተርጓሚው ከሆነ፣ እኒህ እናት ለማን ይናገራሉ?

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1975 (በፈረንጅ ቁጥር) አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም አሮጊቶች በገዛ ቤታቸው እንደሚደበደቡ ለሕክምና መጽሔት ጻፈ። ያን ጊዜ ነው ዓለም በግልጽ ማውራት የጀመረው። እስራኤል ሀገር ደግሞ አንዲት ትንሽ ልጅ በቤተሰብ እጅ ተደብድባ ሞተች። የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ዝም አሉ። አገሩ ተናወጠ፤ በ1989ም የወንጀል ሕጉ ተሻሻለ። ዘመቻ ሙሴ ካለፈ በኋላ፣ ዘመቻ ሰሎሞን ሳይመጣ መሆኑ ነው። በ1991 ከ14,000 በላይ ወገናችን በአውሮፕላን ሲገባ ሕጉ ወጥቶ ነበር። ከመካከላችን ስንቱ ሰማው?

ሕጉ ልጆችን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካልና በአእምሮ ጉዳት ራሱን መጠበቅ የማይችለውንም ሰው ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ኃላፊነት ያለበት ሰው፣ ልጁም ይሁን ሜታፔሌቷ፣ እንደበደለው የሚያሳምን ምክንያት ያለው ሁሉ ቶሎ ማሳወቅ አለበት። ዝም ያለ እስከ 3 ወር፣ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ዖቬድ ሶፂያሊ ከሆነ እስከ 6 ወር እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

በደል ዱላ ብቻ አይደለም። የዚክና ገንዘባቸው በየወሩ እየገባ እሳቸው ዳቦ ሲቸግራቸው፣ ያልገባቸውን ወረቀት ሲያስፈርሟቸው፣ መድኃኒት ሲከለከሉ፣ ከተኙበት ሳይገላበጡ ገላቸው ሲቆስል፣ ቤት ሲቆለፍባቸው፣ ይህ ሁሉ በደል ነው። ሰውነታቸው በልዞ «ወደቅሁ» ብቻ የሚሉ፣ አንድ ሰው ሲገባ ጨዋታቸውን የሚያቋርጡ ካያችሁ ልብ በሉ። አስተርጓሚም ከቤተሰብ ውጭ ይሁን፤ ለብቻቸውም ይጠየቁ።

ማስረጃ መሰብሰብ የእናንተ ሥራ አይደለም። ያያችሁትን ለከተማው ረቫሃ ንገሩ፣ ወይም 118 ደውሉ። አደጋው የአሁን ከሆነ ፖሊስ 100 ነው። አእምሯቸው ንቁ የሆነና ራሳቸውን የሚችሉ ሽማግሌ ከሆኑ ግን መጀመሪያ ከእሳቸው ጋር ተመካከሩ፤ ውሳኔው የእሳቸው ነው።

«የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም» ብለን ነው ያደግነው። «ልጄን አሳስሬ ምን ልጠቀም?» የሚሉ እናትም አሉ፤ የእናት አንጀት ነውና አይፈረድባቸውም። ግን ድሮም ሽማግሌ ዘንድ የሚኬደው ልጁን ለማጥፋት ሳይሆን ለመመለስ ነበር። ብዙ ጊዜ ዛሬም የሚመጣው ርዳታ ነው፤ ማስታመም ያደከመው ልጅም እፎይ የሚልበት ጊዜ አለ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ከጎረቤታችሁ ካሉት አረጋውያን መካከል ሰሞኑን ደጅ ሲወጡ ያላያችኋቸው ማን ናቸው? እስኪ ዛሬ በራቸውን አንኳኩ።