ጥፋትና ካሣ በጋሞ ምድር፦ ከዱቡሻ እስከ ኮምፒውተር ክፍል

ዱቡሻ አጥርም ጣሪያም የለውም። በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜም ሆነ በዶኮ፣ በኦቾሎም ሆነ ደሬ በሚባሉት በሌሎቹ የጋሞ ማኅበረሰቦች፣ ሰዎች ሣር ላይ ተቀምጠው የሚመክሩበት የአደባባይ ሜዳ ነው። እዚያ የሚደረገው ጉባኤ ዱላታ ይባላል። የመሬት ድንበር፣ የጎረቤት ጠብ፣ የስርቆት ክስ፣ የደሬው የጋራ ሥራ፣ ሁሉም እዚያ ይቀርባል። አንዱ ተነሥቶ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ ውሳኔውም በድምፅ ብልጫ የሚቋጭ ሳይሆን ነገሩ እየተነሣ እየተጣለ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ የሚቆይ ነው። ፈረንሳዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ ጉባኤዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። አጥፊው እዚህ የሚጠበቅበት ነገር ግልጽ ነው፤ ቀርቦ ያደረገውን ይናገራል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ይቅርታ ይለምናል። ከሰው መነጠል የሚመጣው የጉባኤውን ቃል አልቀበልም ብሎ ለጸና ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ተመልሶ ከለመነ መግቢያ በር አለው።

ይህን ታሪክ የማነሣው ዛሬ በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላና በአካባቢው፣ ላሉ ትምህርት ቤቶች አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ ስላለ ነው፤ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ያለአግባብ የተጠቀመ ተማሪ እንዴት ይቀጣ? ትምህርት ቤቶቻችን ለዚህ ያላቸው መልስ ከሌላ ቦታና ከሌላ ዘመን የመጣ ነው፤ ለጉዳዩ የሚስማማው መልስ ግን ከሲቀላ ሽቅብ በሚታየው ተራራ ላይ ለብዙ ትውልድ ሲሠራበት የኖረ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዘመናዊ ትምህርት ቤት የቅጣት ልማድ ወደዚህ አገር ሲመጣ ከሁለት ምንጭ ተቀድቶ ነው። አንዱ የየኔታ ጉባኤ ቤት ነው፤ እዚያ አለንጋና ትምህርት ተለያይተው አያውቁም። ሌላው መንግሥት ነው። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመንም ሆነ በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ በኋላ፣ የጋሞ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚያገኘው በማያውቀው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ የሚያስተምር፣ ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ መምህር ነበር። ሕጉም ከመምህሩ ዱላ ጋር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2039 አባት ልጁን፣ መምህርም ተማሪውን በመጠኑ በመምታቱ እንደ በዳይ እንዳይቆጠር አድርጎ ነበር። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ፍርድ ቤት በወጣት ጥፋተኞች ላይ የልምጭ ቅጣት እንዲያዝ ፈቅዶ ነበር። አማርኛችንስ ቢሆን «የተቀጣ ልጅ» ሲል ጨዋ ልጅ ማለቱ አይደል? ቅጣትና አስተዳደግ በአንድ ቃል የሚጠሩበት ቋንቋ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ዘመን በአንቀጽ 36 ዘጋው። ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ዱላው እርግጥ ወዲያው አልጠፋም፤ ኩርኩምና ማንበርከክ እስካሁን በየቦታው አሉ። ሆኖም በይፋ ሊጻፍ የሚችለው ቅጣት ሌላ ሆነ፤ «ወላጅ አምጣ»፣ ማስጠንቀቂያ፣ ማገድ፣ ማባረር። ልብ ብለን ብናየው እነዚህ ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። ልጁን ከበሩ ውጪ ያቆማሉ። በዱቡሻ የመጨረሻው የነበረው መነጠል በትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሆነ።

ኮምፒውተር የመጣው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። አርባ ምንጭ በዚህ ረገድ ከብዙ የአገሪቱ ከተሞች የተሻለ ዕድል ነበራት፤ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላዝማ ትምህርት ገባ፤ በስኩልኔት ፕሮግራምም ኮምፒውተሮች ተከፋፈሉ። ዕቃው ውድ፣ ባለሙያው ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ክፍል ደንብ ቁልፍ ሆነ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይኖራል፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ክፍሉ ይዘጋል።

በዚያ ክፍል የሚፈጸመው ጥፋት ምን እንደሚመስል ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ተማሪ ፊልም የያዘ ፍላሽ ይሰካል። በማግሥቱ ሌላው ሲከፍተው የክፍሉ ሁሉ የቤት ሥራ የተቀመጠባቸው ፎልደሮች በአጭር ማገናኛ ተተክተዋል፤ ቢጫው ሥዕል አለ፣ ውስጡ ግን አይከፈትም። ከዚያኛው ማሽን ፍላሽ ያወጣ ሁሉ ቫይረሱን ወደ ሌላው ያሻግራል። ሌላ ተማሪ የይለፍ ቃሉን ቀይሮ ይሄዳል። ሌላው የኪቦርድ ቁልፍ ይነቅላል። ማን አደረገው? አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም፤ በአንድ ማሽን ላይ በቀን ስንት ተማሪ ይቀመጣል። ዱላም እገዳም የሚሠሩት ጥፋተኛው ሲታወቅ ነው። እዚህ ግን ጥፋተኛው ራሱ ካልተናገረ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የሚያስከትለውን ስለሚያውቅም አይናገርም። ቅጣቱ በጠነከረ ቁጥር ዝምታው ይጠነክራል፣ ቫይረሱም በሰላም ይራባል። በመጨረሻ ክፍሉ ይቆለፍና ቅጣቱ ያላጠፉትን ሁሉ ያዳርሳል።

ይህ አሠራር በአገር ደረጃም ታይቷል። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ ፈተናው በተራዘመ ጊዜ፣ ድጋሚ ፈተናው ሲደርስ ማኅበራዊ ሚዲያው ለአገሩ ሁሉ ተዘጋ። በዚያው ሰሞን የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ያለፈቃድ ኮምፒውተር ውስጥ መግባትን እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ቃሉን በጥሬው ከወሰድነው የጓደኛውን የይለፍ ቃል የሞከረ ልጅም የሚገባበት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የባንክ ሥርዓት ለሚሰብር ሰው ተገቢ ነው፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ልክ አይሆንም።

ጋሞዎች ስለ ስውር ጥፋት ረጅም ልምድ አላቸው። ጎሜ የሚሉት የወጋ፣ ማለትም የደንብ፣ መተላለፍ ነው፤ ሰው ባያየውም ዳፋው ለቤትና ለአገር ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ሕመም ወይም ሌላ ችግር ሲመጣ «ምን አጥፍተናል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መፍትሔውም ጥፋቱን በአፍ ተናግሮ መካስ ነው። እምነቱን መቀበል አለመቀበል የእያንዳንዱ ጉዳይ ነው፤ በተለይ ከፕሮቴስታንት እምነት መስፋፋት ወዲህ ብዙ ጋሞዎች ትተውታል። ዘዴው ግን ከእምነቱ ተለይቶም ይቆማል፤ መናገርን ከመደበቅ የሚያቀል ደንብ። የተናገረ ተማሪ ያበላሸውን እንዲያስተካክል ይታዘዛል፤ ማሽኖቹን ከቫይረስ ያጸዳል፣ ፎርማት ሲደረጉ አጠገብ ቆሞ ይማራል፣ በሲቀላ ሙቀትና አቧራ የታፈነውን ማራገቢያ ይጠርጋል፣ የጓደኞቹን የጠፋ ሥራ እንደገና በመጻፍ ያግዛል። ይህ የሚጎዳው ጊዜውን ነው፤ የሚያተርፈው ደግሞ ሙያ ነው።

ዱቡሻን አለመጠን አታወድስ የሚለኝ አለ፤ ልክ ነው። ሴቶች በዱላታው አይቀመጡም ነበር። ማና እና ደጋላ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎችም ተገልለው ኖረዋል። ያን መገለል ወደ ትምህርት ቤት ይዞ መግባት ነውር ነው። የምለው ግን ከሥርዓቱ የሚወሰድና የሚጣል አለ ነው። ለዚህ የሚሆን መዋቅር ደግሞ በእጃችን አለ። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ በአጭሩ ወተመህ፣ በየትምህርት ቤቱ ተቋቁሟል፤ ሴት ልጅም፣ የሸክላ ሠሪ ልጅም እኩል የሚናገሩበት ጉባኤ ሊሆን ይችላል። አሁን በብዙ ቦታ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ መሆኑ ያሳዝናል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። የሴት ተማሪን ፎቶ ቀይሮ በቴሌግራም የበተነ፣ ውጤት የሰረዘ፣ ፈተና የሸጠ ተማሪም ማራገቢያ ጠርጎ ይለፍ? አይለፍም። እዚህ የተጎዳው ማሽን ሳይሆን ሰው ነው፤ የተጎዳችው ልጅ ይቅር እንድትል በሽማግሌ ብዛት ልትገደድ፣ ጉዳቷም በአደባባይ ሊነገር አይገባም። በየአካባቢው እርቅ በሚል ስም ስንት በደል እንደታፈነ እናውቃለን። እንዲህ ያለው ለሕግ ይሄዳል። ሕጉ ራሱ እንኳ ለልጆች ሲሆን ይለዝባል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 161፣ ጥፋቱ ቀላል ሲሆን ወጣቱ በትርፍ ጊዜው በትምህርት ቤት ወይም በቤት ቆይቶ ለዕድሜው የሚመጥን ሥራ እንዲሠራ ፍርድ ቤት ያዛል ይላል። የኢትዮጵያ ዳኛ የማይጨክንበትን ልጅ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ለምን ይጨክንበታል?

ፍርሃት ከሌለ ሥርዓት አይኖርም የሚሉም አሉ። ነገር ግን መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግፍ በኋላ ቁጣ ይዟቸው የወጡ ወጣቶችን አርባ ምንጭ መንገድ ላይ ያቆማቸው ዱላ አልነበረም። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም አልተራመዷቸውም። ያ ወጣት በሥርዓት የማይገዛ ትውልድ ነው ሊባል አይችልም፤ የሚያውቀው ሥርዓት ሲቀርብለት ይገዛል።

ኮምፒውተር መከልከል ደግሞ ዛሬ ቀላል ቅጣት አይደለም። ኪሱ የሞላ ልጅ ሲቀላ ካሉት የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤቶች አንዱ ጋ ከፍሎ ይቀመጣል፤ ከጨንቻ ወርዶ በኪራይ ክፍል የሚማረው ግን ከትምህርት ቤቱ ሌላ ኪቦርድ የለውም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ የተሰጠው በኮምፒውተር ነው። ለአንድ ወሰነ ትምህርት የታገደ ልጅ ያጣውን ልምምድ ፈተና ክፍል ውስጥ ሲደርስ የሚመልስለት የለም። የሲቀላና የሌላው የከተማው ክፍል የሴቻ ወተመሆች መጪው መስከረም ሳይጠባ ቁጭ ብለው፣ ተማሪዎቹንም አስቀምጠው፣ የኮምፒውተር ክፍላቸውን ደንብ እንደገና ይጻፉ፤ «ያጠፋ ይታገዳል» የሚለውን መስመር ሰርዘው «ያጠፋ ተናግሮ ያስተካክላል» ብለው ይጀምሩ።