የስኳር በሽታ የወፍራሞች ብቻ ነውን? የምግብ እጥረት በሆርሞን፣ በጡንቻና በጅማት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በአበርገሌ ቆላ፣ ዝናብ ሲቀር ማሽላው ይጠወልጋል፤ ፍየሉም ይከሳል። ይህን ሁሉም ያየዋል። ድርቁ በሰው ሰውነት ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ቶሎ አይታይም፤ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በሽታ ሆኖ ይገለጣል።

ሰውነት ምግብን ወደ ኃይልና ወደ አካል የሚለውጥበት ሥርዓት ሜታቦሊዝም ይባላል። መዛባቱ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ውፍረትንና የከተማ ኑሮን ነው። እጥረትም ያዛባዋል።

ምግብ ሲጠፋ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ጉበት ለአንጎል የሚሆን ስኳር ለማዘጋጀት ከጡንቻ የሚፈርሰውን ፕሮቲን ይጠቀማል። ስለዚህ የተራበ ሰው የሚያጣው ስብን ብቻ አይደለም። ከተመገብን በኋላ በደም ውስጥ ካለው ስኳር ብዙውን የሚቀበለው ጡንቻ በመሆኑ፣ የጡንቻ መመናመን ስኳሩን ማረፊያ ያሳጣዋል። ሴቶች የወር አበባ ሊቋረጥባቸው ይችላል። ጅማት፣ ቆዳና ልም አጥንት የሚሠሩበት ኮላጅን ደግሞ ያለ ፕሮቲንና ያለ ቫይታሚን ሲ አይገነባም፤ ቁስል ቶሎ የማይድነው አንድም ከዚህ የተነሣ ነው።

በሕፃናት ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። ጉበት የእድገት ሆርሞንን መልእክት ወደ አጥንት ማስተላለፍ ይሳነዋልና ልጁ ይቀነጭራል። በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም ለማስቀረት የታለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስያሜውን ከዚሁ ከዋግ ከተማ ወስዷል።

ጎንደር ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በአብዛኛው ቀጫጭን፣ እጅግ ድሃና ወንዶች መሆናቸውን አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታን እ.ኤ.አ በ1985 ለብቻው መድቦት ነበር፤ በ1999 ከዝርዝሩ አወጣው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ2025 ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ መልሶ ዕውቅና ሰጥቶታል። መዘግየቱ ያስቆጫል፤ በሽታው የድሆች በመሆኑ ተመራማሪ ያጣ ይመስላል።

ስለዚህ ቀጭን መሆን ከስኳር በሽታ ነጻ መሆን አይደለም። ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ ያለ ምክንያት መክሳትና ድካም ያለበት ሰው የደም ስኳሩን ይለካ። በደም ውስጥ የከረመ ስኳር ከኮላጅን ጋር እየተጣበቀ ጣትንና ትከሻን ስለሚያደርቅ፣ እጁ አልታጠፍ ወይም ክንዱ አልነሳ ያለ ገበሬም ሁሉን በእርሻ ድካም አያሳብብ።

አበርገሌ ፍየል፣ ወተትና የተከዜ ሐይቅ ዓሣ አለው። ከገበያ ከሚወጣው ጥቂቱ ለቤት ቢቀር፣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች፣ ማሽላና ጤፍ ብቻቸውን የማይሞሉትን ፕሮቲን ይሞላል። ጎመንና ሎሚ ቫይታሚን ሲ ይሰጣሉ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ባነሰ ጊዜ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ መጠኑ እንዲስተካከልለት ለጤና ባለሙያ ይንገር። በባዶ ሆድ የተወሰደ ኢንሱሊን የደም ስኳርን እጅግ አውርዶ ራስን ያስታል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ ኢንሱሊኑን ውኃ እንዳያስገባ በሚገባ ጠቅልሎ፣ ከውጭ በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማስቀመጥ ከሙቀት ይጠብቀዋል።